ሻምበል እንቁላል የጣለ ዕለት

እኔ ወሬ የማልወድ ሰው ነኝ። እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ «ይህ ልጅ ቃል ከአፉ ሲወጣ ጥርስ የሚነቀል ይመስለዋል» ትል ነበር። ዛሬ ይህን ሁሉ ስለፈልፍ የሚያየኝ የሚያውቀኝ ሰው «ታደሰ ምን ነካው?» ማለቱ አይቀርም። ምን ላድርግ ታዲያ! በሕይወት ያለሁት በወሬ ነው። ያውም ቁም ነገር ባለው ወሬ አይደለም፤ «ምን በላህ? ጅግራህ ደህና አደረ?» በሚል ወሬ ነው።

ጋምቤላ ገና ክልል አሥራ ሁለት ትባል በነበረበት ዘመን ነው። የቢሮዎቹ ስም በር ላይ ተጽፎ ቀለሙ በወጉ ሳይደርቅ፣ እኔን ጤና ረዳት ብለው ከኢታንግ በታች፣ ባሮን ይዞ ወደ ማታር ሲወረድ ያለች አንዲት ክሊኒክ ላይ መደቡኝ። ከመንዝ ብርድ ወጥቼ እዚያ ሙቀት ውስጥ ስገባ ያየሁትን አበሳ አሁን አላወራም። ክሊኒኳ ሁለት ክፍል ናት፤ በአንዱ በሽተኛ አያለሁ፣ በአንዱ እተኛለሁ። ሬዲዮ ላይ ስማችን «ታች ባሮ» ነበር።

ስልክ የሚባል ነገር አልነበረም። የነበረን በሶላርና በመኪና ባትሪ የሚሠራ የመገናኛ ሬዲዮ ነው። ጋምቤላ ከተማ ያለችው ኦፕሬተር ጠዋት ጠዋት ወረዳዎቹንና ክሊኒኮቹን በየተራ ትጠራለች፤ ስንት በሽተኛ አለ፣ መድኃኒት አለ ወይ፣ ሰላም ነው ወይ ብላ ትጠይቃለች። ኦፕሬተሯ አሪየት ትባላለች፤ አኙዋ ናት፣ ባለትዳርና የልጆች እናት። አማርኛውን የተማረችው ትምህርት ቤት ነው፤ አጭር አጭር አድርጋ ነው የምትናገረው፣ ግን አንድም ቃል መሬት አይወድቅባትም። መልኳን አላውቅም ነበር። የማውቀው ድምፅዋን ብቻ ነው።

የመጀመሪያውን ሳምንት አስታውሳለሁ። በሬዲዮ ወግ «ኦቨር» ማለት ጨረስኩ፣ ተራው የአንተ ነው ማለት ነው፤ «ሮጀር» ደግሞ ሰምቻለሁ።

«ታች ባሮ፣ ታች ባሮ፣ ጋምቤላ ነኝ። ኦቨር።»

«ጋምቤላ፣ ታች ባሮ ነኝ። በሽተኛ አምስት፣ ሁሉም ወባ። መድኃኒት አለ። ሌላው ሁሉም ሰላም ነው። ኦቨር።»

«ሮጀር። ምን በላህ? ኦቨር።»

አዲስ የመጣ የሪፖርት ጥያቄ መሰለኝ። ወንበሬ ላይ ተስተካክዬ ተቀመጥኩና፣ «ቂጣ። ብዛቱ አንድ። ኦቨር» አልኳት።

ሬዲዮው ውስጥ የሆነ ሰው በሳቅ ፈነዳ። የዲማው ኦፕሬተር ዘውዴ ነበር። ዲማ ወርቅ ቆፋሪው የሚተራመስበት አገር ነው፤ ዘውዴም እንደ አገሩ ጨዋታ የማያልቅበት ሰው ነው። «ወንድሜ፣ ቂጣው በሽተኛ ነው እንዴ በቁጥር የምታስመዘግበው?» አለኝ። በጣም ተናደድኩ። ሰው ሁሉ እንደሚሰማ ያን ጊዜ ነው የገባኝ። አንድ ሞገድ ላይ ነበርንና ሁላችንም፣ አንዱ ሲናገር ሌላው ሁሉ ይሰማል።

አሪየት ግን አልተወችኝም። በየቀኑ ሪፖርቱ ሲያልቅ «ምን በላህ?» ናት። መልሴ አንድ ቃል ነው፤ ቂጣ፣ ሽሮ፣ ቆሎ። እሷ ደግሞ ሳልጠይቃት ትነግረኛለች። ትናንት የደረቀ ዓሳ ሰቅላ ሌባዋ ወሰደችባት። ሌባዋ ማለት ድመቷ ናት፤ ሌላ ስም የላትም። ዛሬ ደግሞ ሌባዋ የጎረቤት ዓሳ ሰርቃ አሪየት ቤት አምጥታ በላችው፤ አሁን ጎረቤት የኮረፈው አሪየትን ነው። ደግሞ በሌላ ቀን ከማሽላ ዱቄት እንደ ቅንጬ እየተንከባለለ የሚሠራውን ኮፕ በወተት እንድበላ ትመክረኛለች። «እናንተ ደገኞች ቅመም ብቻ ነው የምታውቁት፤ ሆድ የሚያሳርፍ ነገር አታውቁም» ትለኛለች። እኔ «ሮጀር» ብዬ እዘጋለሁ።

እንዲህ እያልን ወራት አለፉ። ወሬ አልወድም አላልኳችሁም? ግን ጠዋት ላይ ሬዲዮው ሲንኮሻኮሽ ቀድሜ እፊቱ የምቀመጥ ሰው ሆኜ ተገኘሁ። አንዲት እናት ልጇ ዳነላትና ደስ ብሏት አንድ የጅግራ ጫጩት ሰጠችኝ። አድጎ ግቢውን በሙሉ እየተንጎራደደ የሚቆጣጠር ሆነ፤ እንግዳ በመጣ ቁጥር ጆሮ የሚበሳ ጩኸት ይጮኻል። አለቃ አለቃ ስለሚጫወት «ሻምበል» አልኩት።

አሪየት ይህን ስትሰማ፣ «በምን አወቅክ ወንድ መሆኑን?» አለችኝ።

«አላወቅሁም። ኦቨር።»

«ሲጮህ መነጋገሪያውን ወደ እሱ ያዝልኝ።»

ያዝኩላት። አዳመጠችና፣ «ወንድ ነው» አለች። «ሴቷ ድምፅዋን ለሁለት ከፍላ ትጣራለች። ወንዱ እንዲህ አይጠራም፣ አንድ ድምፅ ብቻ ነው የሚደጋግመው። ሻምበል ወንድ ነው። ኦቨር።»

«ዲማም ወንድ መሆኑን አረጋግጧል፣ ኦቨር» አለ ዘውዴ።

ከዚያ ወዲያ በየቀኑ «ሻምበል ደህና አደረ?» ትለኛለች። የትራንስፖርት ክፍል ኃላፊው አቶ ፋንታሁን አንድ ቀን ሰምተዋት ኖሮ ተቆጡ። ድምፃቸው እኔ ድረስ ደረሰ፦ «ሬዲዮው የመንግሥት ነው! ባትሪው የመንግሥት ነው! ዶሮ ማውሪያ አይደለም!»

«ዶሮ አይደለም፣ ጅግራ ነው» ስትላቸው ሰማሁ። በሕይወቴ ብቻዬን ሆኜ ጮክ ብዬ የሳቅሁት ያን ቀን ነው መሰለኝ። መነጋገሪያውን ግን ስላልተጫንኩት ማንም አልሰማኝም።

ክረምቱ ገባ። በእኛ በኩል ክረምት ሲገባ ኑዌሮቹ ከብታቸውን ይዘው ከወንዙ ዳር ወደ ከፍታው ይወጣሉ፤ ባሮ ሞልቶ ሜዳውን ሁሉ ይውጠዋል። ክሊኒኳ ዙሪያዋን በውሃ ተከባ አንድ ጉብታ ላይ ቀረች። ከእኔ ጋር የቀረው ጥበቃም አስተርጓሚም የነበረው ቱት ብቻ ነው። በዕድሜ አባቴ ይሆናል፤ እኔን ግን «ዶክተር» ነው የሚለኝ። እሱም ከብቶቹን አይቶ ለመመለስ በታንኳ ሊሄድ ሲነሳ ዓይኔን አየና ቆመ።

«ዶክተር፣ ዓይንህ ቢጫ ነው። ወተት ልተውልህ?»

«ፍልሰታ ነው ቱት። እየጾምኩ ነው።»

«እግዚአብሔር የታመመ ሰው ወተት ቢጠጣ ይቆጣል?»

«አልታመምኩም» አልኩት። ሄደ።

ታምሜ ነበር። ትኩሳቱ ከጀመረኝ ሰንብቷል። ወባ መሆኑንም አውቄዋለሁ፤ ስንቱን ያከምኩ ሰው ለራሴ አላውቅም? ለራሴ ክሎሮኪን አዘዝኩ። ግን እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጾማለሁ፤ ባዶ ሆዴን ያን መራራ ኪኒን እውጥና መልሼ እተፋዋለሁ። መልሼ እውጣለሁ፣ መልሼ እተፋለሁ። ሬዲዮ ላይ ለምን አልተናገርኩም? እንጃ! ጋምቤላ ላይ ወባ ያዘኝ ብሎ መጮህ ዝናብ መታኝ ብሎ እንደመጮህ ነበር የሚመስለኝ። ሐኪም ነኝ ብዬ ደግሞ አፍራለሁ። ከደጋ የወጣን ጤና ባለሙያዎች ብዙዎቻችን እንዲህ ነበርን፤ በሽተኛውን «ብላና ዋጥ» እያልን፣ እኛ በጾም እንውጠዋለን።

እንግዲህ ያን ጠዋት። እስኪ ልንገራችሁ፣ ያን ጠዋት ያህል ደህና ሆኜ አላውቅም። ራስ ምታቱ ጠፍቷል። ሰውነቴ ቀሎኛል። ክፍሉ ውስጥ ደስ የሚል የወጥ ሽታ ነበር፤ እንዴት ያለ ሽታ! ሻምበል በሩ ላይ ቆሞ በጨዋ ደንብ ያነጋግረኛል። እኔም እመልስለታለሁ። ይህ ሁሉ በጣም ትክክል ነበር የሚመስለኝ። ከዚያ ሬዲዮው ተጣራ፤ ተቀመጥኩ፤ ሪፖርቴንም እንደ ወትሮው አቀረብኩ። እኔ የማስታውሰው እስከዚህ ነው። ከዚህ በኋላ ያለውን የነገረችኝ አሪየት ናት፤ ያልነገረችኝን ደግሞ ዘውዴ ጨምሮበታል።

«ጋምቤላ፣ ታች ባሮ ነኝ» ብያለሁ። «በሽተኛ የለም። መድኃኒት አለ። ሁሉም ሰላም ነው። ኦቨር።»

«ሮጀር። ምን በላህ?»

«እንቁላል ጥብስ።»

«እንቁላል ከየት መጣ?»

«ሻምበል ጣለልኝ።»

ዘውዴ እንደ ልማዱ ሳቀ። አሪየትም መጀመሪያ ስቃለች። ወዲያው ግን ሳቋን አቁማ ጠየቀችኝ።

«ታደሰ፣ ጾም አይደለም?»

«ጾሙማ ተፈታ። ዶሮ ወጥም አለ። ሻምበል ጨው አነሰው አለ እንጂ ጥሩ ነው።»

«ታደሰ። ሌባዋ ትናንት ምን አደረገች ብዬ ነበር የነገርኩህ?»

«የምን ሌባ?» አልኳት። «እኔ ሌባ አላውቅም። ወጡ እያረረ ነው፣ ደህና ዋሉ።»

«ታደሰ! ታች ባሮ! ታች ባሮ!»

አሪየት የጆሮ ማዳመጫውን አውልቃ ወደ አቶ ፋንታሁን ቢሮ ሮጠች። ጀልባውም፣ ነዳጁም በእሳቸው እጅ ነው። ነዳጅ በዚያ ክረምት እንደ ጠበል በጠብታ ነበር የሚሰጠው፤ ባሮም ግንድ እየገፋ ይወርዳል፣ ጀልባ ይሰብራል።

«ታደሰ ታሟል። ጀልባ ላኩለት» አለቻቸው።

«ታምሜያለሁ አለ?»

«አላለም።»

«ሪፖርቱ ምን ይላል?»

«ሁሉም ሰላም ነው ይላል።»

«ታዲያስ?»

«ጅግራው እንቁላል ጣለ አለኝ።»

አቶ ፋንታሁን መነጽራቸውን አወለቁ። «አንቺ ሴት፣ ጤና የለሽም? ጅግራ እንቁላል ጣለ ብዬ በዚህ ሙላት ላይ ጀልባ ላስነሳ? ጅግራ እንቁላል ካልጣለ ምን ሊጥል ነው?»

«ወንድ ነው!»

«ምኑ?»

«ጅግራው! ደግሞ ታደሰ ይጾማል። በፍልሰታ እንቁላል አይበላም። እኔ ዓሳ ብላ ስለው እንኳ እምቢ ያለ ሰው ነው። ዛሬ ዶሮ ወጥ በላሁ አለኝ።»

ሴትዮዋ የምትለቃቸው እንዳልሆነች አይተው ይሆናል፣ ወይም ሊገላገሏት ብለው፣ ተነስተው አብረዋት ወደ ሬዲዮው ክፍል መጡ። እራሳቸው ጠሩኝ። ደጋግመው ጠሩኝ። በመጨረሻ መለስኩ።

«ታች ባሮ፣ ፋንታሁን ነኝ። ሁኔታውን ሪፖርት አድርግ። ኦቨር።»

«ታች ባሮ ነኝ ጌታዬ። በሽተኛ የለም። መድኃኒት አለ። ሁሉም ሰላም ነው። ኦቨር።»

እንደ ውሃ ነው የወረድኩት አሉ፤ አንድም ሳልደናቀፍ። በየቀኑ የምለው ነዋ! አእምሮዬ ቤቱን ጥሎ ቢሄድም ሪፖርቱ ምላሴ ላይ ቀርቷል።

አቶ ፋንታሁን ወደ አሪየት ዞሩ። «ሰማሽ? ሰውየው ደህና ነው። ሰለቸውና ቀለደብሽ፣ በቃ።»

በዚህ ጊዜ ነው አሪየት ያችን ቃል የተናገረችው። ሰው ስለ እኔ ብዙ ነገር ብሏል፤ እንደዚህች ያለ ግን አንድም የለም።

«ታደሰ አይቀልድም» አለች። «ከመጣ ጀምሮ አወራዋለሁ። አንድ ቀን ቀልዶ አያውቅም። ቀልድ አይችልም! እሱ ከቀለደ ሊሞት ነው።»

እጇ መነጋገሪያውን ተጭኖት ኖሯል። የተናገረችውን ሁሉ ወረዳዎቹ በሙሉ ሰሙት።

መጀመሪያ የተሰማው ዘውዴ ነው። ሳቅ የለም በድምፁ። «ጋምቤላ፣ ዲማ ነኝ። እውነቷን ነው። ስቄ ነበር፣ ይቅር ይበለኝ። ይህ ሰው ቂጣ በቁጥር ሪፖርት ያደረገ ሰው ነው፤ አይቀልድም። ጅግራውም ወንድ ነው። ኦቨር።»

ከዚያ የአቦቦ ወረዳው ኦፕሬተር ገባ። አቦቦን በሕይወቴ አነጋግሬው አላውቅም። «አቦቦ ነኝ። ታደሰ በጾም እንቁላል አይበላም። ዓርብና ረቡዕ እንኳ ሽሮ ብቻ ነው የሚለው። ኦቨር።»

«ፑኝዶ ነኝ። ሻምበል ወንድ ነው፤ እኔም ሲጮህ ሰምቼዋለሁ። ኦቨር።»

እኔ እኮ ለአንዲት ሴት ብቻ፣ ያውም በግድ፣ አንድ አንድ ቃል የምናገር ነበር የሚመስለኝ! ለካ በዚያ ሁሉ ጫካና ውሃ መካከል እንደ እኔው ብቻቸውን የተቀመጡ ሰዎች ጠዋት ጠዋት ቁርሴን ሲሰሙ ከርመዋል። የማላውቃቸው ሰዎች ናቸው፤ ጾሜን አውቀው፣ ጅግራዬን አውቀው፣ መኮሳተሬን አውቀው መሰከሩልኝ። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ዛሬም ዓይኔ እንባ ይሞላል፤ ሽማግሌ ነኝና አትፍረዱብኝ።

አቶ ፋንታሁን ግንባራቸውን በመሐረብ ጠረጉና መነጋገሪያውን ተቀበሏት።

«ኢታንግ፣ ትሰማኛለህ? ከአንተ ዘንድ የተዘጋጀ ጀልባ አለ?»

የኢታንጉ ጤና ረዳት ኡጁሉ ነበር የመለሰው። «አንድ ነጋዴ ጨውና ሳሙና ጭኖ ወደ ማታር ሊወርድ ነው። ሞተሩን አስነስቷል። ላስቁመው?»

«አስቁመው። ኪኒንና ጉሉኮስ ይዘህ አብረህ ውረድ። ሰውየው ደህና ሆኖ ከተገኘ ...» አሉና አሪየትን ዞር ብለው አዩአት። «ደህና ሆኖ ከተገኘ እግዚአብሔር ይመስገን እንላለን። ሂድ።»

ያን ቀን አሪየት ከሬዲዮው አልተነሳችም። ማንም አልተነሳም ይላል ዘውዴ። ሁሉም ሬዲዮውን ከፍቶ ይጠብቃል፤ የሚሰማው የሞገዱ ጩኸት ብቻ ነው። በየመካከሉ አሪየት «ታች ባሮ፣ ታች ባሮ» ትላለች። አንዴ አቦቦ «ጀልባው ግንድ አይመታውም?» አለ፤ ዘውዴ «አፍህን ለበጎ ክፈተው እንጂ!» ብሎ ተቆጣው። ባሮን በሙላቱ የማያውቅ ሰው ይህን ፍርሃት አያውቀውም።

ኡጁሉ ሲደርስ ክሊኒኳ በሯ ወለል ብሎ ተከፍቷል። አልጋው ባዶ፣ ወንበሩ ባዶ። ምድጃው ላይ የሚያርር ወጥ ቀርቶ የሞቀ አመድ እንኳ አልነበረም። ነጋዴው፣ «ሰውየው ውሃ ገብቷል፣ አለቀ» ብሎ አማተበ። ጉብታው ዙሪያውን የሰው ቁመት የሚያክል ሣር አብቅሏል፤ የት ብለው ይፈልጉኝ?

ያኔ ከሣሩ ውስጥ አንድ ጩኸት ተሰማ። ሻምበል ነው። እንግዳ አየ አይደል! ሥራው ነው፣ ጮኸ። ጩኸቱን ተከትለው ሲሄዱ ከአንዲት ዛፍ ሥር፣ ውሃው ወገቤ ድረስ መጥቶ፣ ተዘርሬ አገኙኝ። ጅግራው ስለወደደኝ ነው አጠገቤ የቆመው ወይስ ደረቁ መሬት እሱ ብቻ ስለሆነ? እንጃ፣ አልከራከርም። ትንሽ ቢዘገዩ ኖሮ ውሃው ይወስደኝ ነበር፤ ውሃው ቢተወኝ ደግሞ ወባው ጭንቅላቴ ላይ ወጥቶ ነበርና እሱ አይተወኝም።

ኡጁሉ በእኔው ሬዲዮ፣ «ጋምቤላ፣ ኢታንግ ነኝ፣ ታች ባሮ ሆኜ» አለ። «ሰውየው በሕይወት አለ። ራሱን አያውቅም። ኪኒን ጀምሬለታለሁ። ይዤው እየወጣሁ ነው። ኦቨር።»

አሪየት መነጋገሪያውን ለአለቃዋ አቀበለች። «ሮጀር» ያሉት አቶ ፋንታሁን ናቸው። ዘውዴ ዲማ ላይ እልል ማለቱን ራሱ ነግሮኛል፤ የወንድ እልልታ ምን ሊመስል እንደሚችል እናንተው አስቡት።

ዓይኔን የገለጥኩት ጋምቤላ ሆስፒታል ነው። ከአልጋዬ አጠገብ አንዲት ረጅም ሴት በጨርቅ የተሸፈነ ሳህን ይዛ ተቀምጣለች። አይቻት አላውቅም። ጠያቂ የተሳሳተ አልጋ ላይ መጣ ብዬ አሰብኩ።

ነቅቼ ስታየኝ ጎንበስ አለች። «ምን በላህ?» አለችኝ።

«ምንም» አልኳት።

«እሺ» አለች። «አሁን እውነት ተናገርክ። አሁን ዳንክ።» ይህን ብላ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ። አንድ ቃል ሳንጨምር ቁጭ ብለን ተላቀስን፤ ሐኪሙ ደንግጦ ሁሉ መጣ።

ሳህኑ ውስጥ የዓሳ ሾርባ ነበር። «ዓሳ ነው» አለችኝ። «ከድመቷ ደብቄ፣ ለአንተ ነው ያመጣሁት። አትበላም ካልክ ግን ለሌባዋ እሰጣታለሁ።» በላሁ። ንስሐ አባቴ ኋላ ሲሰሙ፣ «ልጄ፣ ከእግዚአብሔር እጅ የተላከልህን ሳህን ብትመልስ ነበር ጥፋቱ» አሉኝ።

«ሻምበልስ?» አልኳት።

ሳቅ ጀመራት። ኡጁሉ ጅግራውን አዝኖለት እግሩን አስሮ ከእኔ ጋር ጭኖት መጥቷል። ሆስፒታል በር ላይ ያሉት ሰዎች ግን ለበሽተኛው መረቅ የመጣ መስሏቸው ቢላ እየሳሉ ሳለ አሪየት ደረሰችባቸው። «አቁሙ! ሠራተኛ ነው!» አለቻቸው። ከዚያ ወዲያ አሪየት ግቢ ኖረ። ሌባዋም ትፈራው ነበር።

ቱት ከከፍታው ሲመለስ ባዶ ክሊኒክ አግኝቶ ጋምቤላ ድረስ ፈልጎኝ መጣ። እንደገባ ያለኝ አንድ ነገር ነው፦ «ዶክተር፣ ወተቱን ብትጠጣ ኖሮ?» ከዚያ እግሬ ሥር ተቀመጠና ሳይነሳ ዋለ። ስድብ ብቻ ሳይሆን ፍቅርም እንዲህ በአጭሩ ይነገራል።

እንግዲህ እኔ ከዚያ አልጋ ስነሳ ዝውውር ጠይቄ መንዝ መመለስ እችል ነበር፤ ዘመዶቼም ተው ውጣ ብለውኛል። አልወጣሁም። ማን ጋ እሄዳለሁ? ስበላና ሳልበላ የሚያውቅ ሰው ያለው እዚህ ነው። ወደ ታች ባሮ ተመለስኩ። አቶ ፋንታሁን ያን ክልከላቸውን በይፋ አንስተውት አያውቁም። ብቻ ጠዋት ሪፖርቱ ሲያልቅ፣ «ሻይ ልጠጣ» ብለው ይወጣሉ፤ ሻያቸውም ረጅም ሆነ። አንድ ቀን ግን ከበሩ ላይ መለስ ብለው፣ «አቦቦ ዛሬ ድምፁ ደክሟል፤ ምን እንደበላ ጠይቂው» ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

እኔም መመለስ ብቻ ሳይሆን መጠየቅ ጀመርኩ። በሽተኛዬ «ደህና ነኝ» ሲለኝ አላምነውም። ትናንት ማታ ምን በላህ እለዋለሁ፤ ላምህ ወለደች ወይ፣ ውሻህ የት አለ እለዋለሁ። ሰው ስለ ራሱ ሲጠየቅ የለመደውን ይመልሳል። ስለ ላሙ ሲጠየቅ ግን ረስቶት እውነቱን ያወራል። በዚህ መንገድ ስንት ትኩሳት፣ ስንት ሐዘን፣ ስንት የተደበቀ ረሃብ እንዳገኘሁ እኔ ነኝ የማውቀው።

ዛሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ልጄ ሰሎሜ ስልኳ ላይ ተደፍታ ነው የምትውለው። በአካል አይታቸው ከማታውቃቸው ሰዎች ጋር ትጻጻፋለች፤ አንዷ ሐዋሳ ናት፣ አንዱ ከየት እንደሆነ እንጃ። የድመት ፎቶ ይላላካሉ። ምሳዬ ይህ ነው፣ እራቴ ያ ነው ይባባላሉ። እናቷ፣ «ለማታውቂው ሰው የበላሽውን መንገር ምን ይሉታል? ሥራ ፈት!» እያለች ትነጫነጫለች። ወደ እኔም ዞራ፣ «አንተስ አባት አይደለህም? ተናገራት እንጂ!» ትለኛለች።

እኔ ምን ብዬ ልናገራት? «ተያት፣ ታውራ» እላለሁ። እናንተም ይህን የምታነቡ፣ ልጃችሁ ስለ ድመት ሲያወራ ብታገኙት በአንዴ አትቆጡ። እናንተም ራቅ ያለ ወዳጅ ካላችሁ ዛሬ ደውሉለት፤ ቁም ነገር እስኪገኝ አትጠብቁ። ምን በላህ በሉት፣ ደግሞ መልሱን ልብ ብላችሁ ስሙት።

አሪየት አቦቦ፣ ልጆቿ ጋ ነው ያለችው፤ የልጅ ልጆች አይታለች። ሻምበልም ሌባዋም ከሞቱ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል። እሷ ግን ጠዋት ጠዋት ትደውላለች፤ ያው በሬዲዮው ሰዓት ነው። ባለፈው ሰሞን ጉንፋን ብጤ ይዞኝ አልጋ ላይ ሳለሁ ስልኩ ጮኸ። እንዳታስብ ብዬ፣ ጥያቄዋን እንኳ ሳልጠብቅ፣ ድምፄን ሞረድ ሞረድ አድርጌ፣ «ሰላም ነው አሪየት፣ ደህና ነኝ፣ ሁሉም ሰላም ነው» አልኳት።

«ታደሰ» አለችኝ፣ «ደህና መሆንህን ማን ጠየቀህ? ምን በላህ ነው የምልህ።»